የከፈልኩበት ዘፈን የት ሄደ?

አባዬ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው ቤታችን አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለው። ውስጡ ካሴት ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አንድ ሁለት እየገዛ ያጠራቀመው ነው። የአንዳንዱ ሽፋን ከመንጣቱ የተነሳ የዘፋኙ ፊት አይለይም። ክሩ ሲጠላለፍ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ቀስ እያለ ያጠነጥነዋል፤ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሠርግ ያለበት ጎረቤት ሲጠይቀው ያውሳል፣ ሲመለስለት ቆጥሮ ይቀበላል። አንድ ጊዜ አንዷ ካሴት ሳትመለስ ቀርታ ከጎረቤታችን ጋር ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ሳይነጋገሩ ከርመዋል። ልጅ ሆኜ ለአንድ ካሴት ይሄ ሁሉ ለምን እል ነበር። አሁን ገብቶኛል። ካሴቷ የእሱ ነበረች። ከፍሎባታል፣ በእጁ ይዟታል፣ ሲፈልግ ያውሳታል፣ ሲፈልግ ይከለክላል።

አምና እኔም አልበም ገዛሁ። በስልኬ፣ በአንድ የሙዚቃ አፕ። በቴሌግራም በነጻ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ አልበሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ሦስት ጓደኞቼ ልከውልኛል። ግን ይሄ ልጅ ለፍቷል፣ የድካሙን ያግኝ ብዬ ከፈልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። ከዚያ ስልኬ መናኸሪያ ውስጥ ተሰረቀ። አዲስ ስልክ ገዝቼ አፑን ድጋሚ ስጭን እንደ አዲስ ሰው ተቀበለኝ። የገዛኸው ነገር የለም አለኝ። የከፈልኩበት መልእክት አሮጌው ስልክ ላይ ቀርቷል። ለደንበኞች አገልግሎት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ለመጀመሪያው ደርሶናል የሚል መልስ መጣ፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው እሱም አልመጣም።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ፣ አፑን ስጭን «እስማማለሁ» ያልኩበትን ውል አነበብኩት። እንግሊዝኛ ነው፣ ደግሞ ረጅም ነው። ነገሩን ሳገኘው ግን አጭር ነው። የገዛሁት ዘፈኑን አይደለም። የማዳመጥ ፈቃድ ነው። ድርጅቱ በፈለገው ጊዜ ፈቃዱን ማንሳት ይችላል። ቁልፉ ላይ ግን የተጻፈው «ግዛ» ነበር፣ በአማርኛ፣ በትልቁ።

ይሄ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ቆይቶ ገባኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ሰዎች ከፍለው የገዙትን ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ከየመሣሪያቸው ላይ ከርቀት አጥፍቶ ነበር። መጽሐፉን ያቀረበው አካል መብቱ አልነበረውም ተብሎ ነው። ገንዘቡ ተመልሶላቸዋል፣ የድርጅቱ ኃላፊም ይቅርታ ጠይቋል፣ ግን ሰው ቤት ገብቶ ከመደርደሪያ ላይ መጽሐፍ እንደማንሳት ነው። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥቷል፤ ዲጂታል ነገር የሚሸጥ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያንን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። በቃ ይኼው ነው የምጠይቀው። ሲሸጡልኝ ምን እንደሚሸጡልኝ ይንገሩኝ።

እኛም አገር ቢሆን ሕግ የለም ማለት አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አገልግሎት ነው የሚለው። ዘፈን በአፕ መሸጥ አገልግሎት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጤፍ ስንገዛ ሻጩ በቁና ሰፍሮ ያሳየናል፣ ቅቤ ስንገዛ ቀምሰን ነው። በስልክ ስንገዛ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ነው።

አሁን ወደ ፍላሽ ቤቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስለ ቅጂ መብት ሲወራ ሁልጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አካባቢ አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ የቻርጀር ገመድና የስልክ ሽፋን የተንጠለጠለበት ግድግዳ። ሰው ሚሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ዘፈን ያስጭናል፣ ፊልም ያስጭናል፣ መዝሙር ያስጭናል። ከገጠር ቅዳሜ ገበያ የመጣ ገበሬ በግ ሸጦ ሲመለስ እዚያ ጎራ ይላል። «የመንዝን ጫንልኝ፣ የዱሮውን» ይላል። ልጁ ያውቀዋል፣ ምን እንደሚወድ አይጠይቀውም። ለሊት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በትንሿ ስልክ የሚያዳምጠው እሱን ነው። ኢንተርኔት ለእሱ ማለት ያ ሱቅ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ሳይዳረስ ቀርቶ ተማሪው በፒዲኤፍ ነበር የሚማረው። መጽሐፉን በቴሌግራም እልክላቸው ነበር። ከዚያ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታም ጠፋ። ለብዙ ወራት ነው የጠፋው። ስልክ በሚሠራበት ቀን እንኳ ዳታ አልነበረም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ነን እኮ! የሚኒባስ ሹፌሮች ከአዲስ አበባ ሃርድ ዲስክ ያመጡ ነበር። የሱቁ ልጅ ከእሱ ላይ ይገለብጣል። የ12ኛ ክፍል የፈተና ጥያቄ፣ መማሪያ መጻሕፍት፣ የሥራ ማስታወቂያ የተነሳ ፎቶ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ የተላከ ቪዲዮ፣ ሁሉም በዚያ መጣ። ተማሪዎቼን «ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ» ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ለተማሪ አያስከፍልም ነበር። ያን ልጅ ሌባ ሲሉት ስሰማ የሚከፋኝ ለዚህ ነው።

ስለ መቋረጡ ትንሽ ልበል፣ ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። እኛ አገር ኢንተርኔት ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2008 በፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቷል፤ በ2009 እና በ2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ተዘግቷል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ጠፍቷል። ትግራይ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2015 ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው ሕፃን ሽማግሌው ቪፒኤን መጫን ተምሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሰው ማንኛውንም ዓይነት መረጃና ሐሳብ በመረጠው ዘዴ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነት አለው ይላል። በአስቸኳይ ጊዜ መብት ሊገደብ እንደሚችልም ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ላይ አስቀምጧል፣ አልክድም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሲዘጋ ማን ዘጋው፣ ለስንት ቀን ነው፣ ለምን ነው የሚለውን ለከፋዩ የሚነግር አካል ይኑር። ሐምሌ ላይ ወርሃዊ ፓኬጅ ገዝቼ ነበር። አብዛኛውን ሳልነካው ዳታው ጠፋ፣ ጊዜው አለፈ፣ ፓኬጁም አለቀ ተባልኩ። ከሰማይ በረዶ የወረደ ይመስል የሚጠየቅ ሰው የለም። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል። ግን መብራት ሳይኖር የመብራት ቆጣሪ ቢቆጥር ዝም የሚል ሰው አለ?

ወደ ቅጂ መብቱ ልመለስ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባለውን አግኝቼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክሬበታለሁ። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፤ አዲስ አልበም ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ ይነበባል። ሰው የማያውቀው አንቀጽ 9ን ነው። የወጣን ሥራ አንድ ሰው ለራሱ የግል ጉዳይ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም። ሙሉ መጽሐፍን ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራምን አይጨምርም፤ ገደብ አለው። ግን መብት ነው። አባዬ ካሴቱ እንዳይበላሽበት ወደ ባዶ ካሴት ቢገለብጥ፣ እኔ የገዛሁትን ወደ ኮምፒውተሬ ባስቀምጥ፣ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ታዲያ ይሄን የሚነግረን ማን ነው? ማስታወቂያው ላይ ቅጣቱ ብቻ ነው ያለው። ደግሞም አፑ ዘፈኑን ቆልፎ የሚያስቀምጠው ያን አንድ ቅጂ እንኳ እንዳላወጣ ነው። ሕግ የሰጠኝን ቁልፍ ነሳኝ።

ፍላሽ ቤቱ በአንቀጽ 9 አይድንም፣ ይሄንንም በግልጽ ልናገር። እሱ ለራሱ አይደለም የሚገለብጠው፣ ለገንዘብ ነው። ዘፋኙ ሰው ለማስጫን ከሚከፍለው 10 ብር ውስጥ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ደራሲ የሆነ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ መጽሐፉ ታትሞ መደብር ሳይደርስ በስልክ ገጽ በገጽ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ለማተሚያ ቤት የተበደረውን እስካሁን እየከፈለ ነው። ፊቱን ሳየው «መረጃ ነጻ መሆን አለበት» የሚል ክርክር አፌ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በነጻ ይሁን አልልም። የምለው፣ ሰው እንዲከፍል መንገድ ሳያበጁለት መቅጣት ብቻ ምን ያመጣል? የመንዝ ገበሬ ባንክ ካርድ የለውም። አፕ የሚጭን ስልክ የለውም። የሚወደው አዝማሪ ዘፈን ደግሞ ማንኛውም አፕ ላይ የለም። የት ሄዶ ይክፈል?

ስለ መጽሐፍ ሳነሳ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ዓይነ ስውር ነው። ከጣርማ በር ወዲያ ካለ መንደር መጥቶ ከተማ ተከራይቶ ነው የሚማረው። ለእሱ በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ ምግብ ማለት ነው። የክፍል ጓደኞቹ በየተራ እያነበቡ በስልክ ይቀዱለታል፣ እሱ ሚሞሪው ላይ ደርድሮ ያስቀምጣል፣ የትኛው የት እንዳለ በጣቱ ያውቀዋል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ ወንጀል ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዱ ወንጀል ነው ብሎ አስፈራርቶት ነው። ሞሮኮ ውስጥ፣ ማራካሽ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ዓይነ ስውራንና ማንበብ የሚቸገሩ ሰዎች መጽሐፍ በሚመቻቸው መልክ እንዲያገኙ አገሮች በቅጂ መብት ሕጋቸው ውስጥ በር እንዲከፍቱ የሚል። ኢትዮጵያም ተቀብላ አጽድቃዋለች። ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አገር ፈርማ ስታበቃ የተፈረመለት ልጅ በፍርሃት መጽሐፍ ሲሰማ መኖር የለበትም።

በኅዳር 2015 የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ ነበር። መንግሥት ነበር፣ ድርጅቶች ነበሩ፣ ምሁራን ነበሩ። ይጠቅማል፣ ይካሄድ። ግን ሕግ ሲረቀቅ ሁልጊዜ የሚጠራው ያው ነው። የዘፋኞች ማኅበር ይጠራል፣ መጠራትም አለበት። አቅራቢው ድርጅት ይጠራል። መሥሪያ ቤቱ አለ። የሚያዳምጠው፣ የሚያነበው፣ ፓኬጅ የሚገዛው ሰው ወኪል የለውም። ዕድር እንኳ ድንኳን ሲገዛ አባላቱን ሰብስቦ ይጠይቃል።

በመጨረሻ የማወራው ዘንድሮ ያየሁትን ነው፣ ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

አንድ መሰንቆ የሚጫወት ሰው አለ፣ እዚሁ ከተማ። ሠርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ማታ ማታ አረቄ ቤት ይጫወታል። የሱቁ ልጅ ባለፈው ዓመት ድምፁን በስልክ ቀድቶ ለሰው ይጭን ነበር። አዝማሪው ሰማ። ተቆጥቶ ሱቁ መጣ። እኔ ቻርጀር ልገዛ ቆሜ ነበር። ጠብ ይነሳል ብዬ ፈራሁ።

«አንተ ልጅ፣ በእኔ ጉሮሮ ነው የምትበላው?» አለው።

ልጁ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት። «ጋሼ ይቀመጡ» አለ። «እኔ እርስዎን ልጎዳ ብዬ አይደለም። ሰው ይጠይቀኛል። እርስዎ ጋ መጥቶ የሚገዛበት ነገር የለም። ንገሩኝ፣ እንዴት እናድርግ?»

ብዙ አወሩ። አዝማሪው ስለ አዋጁ ሰምቶ አያውቅም። ድምፁና ዜማው ጥበቃ እንዳለው፣ ደራሲ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት መብቱ ለወራሾቹ እንደሚቀጥል ስነግረው ዓይኑን ትክ አድርጎ አየኝ። «ለልጆቼ?» አለ። አዎ፣ ለልጆችህ አልኩት። የአባት የእናቱን የቆየ የመንዝ ዜማ የእኔ ነው እንደማይል ራሱ ተናገረ፤ ግጥሙና አጨዋወቱ ግን የራሱ ነው።

ከዚያ ልጁ ከመሳቢያው ውስጥ ባለ 32 ገጽ ደብተር አወጣ። በአዝማሪው ስም አንድ ገጽ ከፈተ። አንድ ሰው የእሱን ዘፈን ባስጫነ ቁጥር አንድ ሰረዝ ይሰመራል፣ ከ10 ብር ውስጥ 6 ብር የአዝማሪው ነው፣ በየወሩ በቴሌብር ይላክለታል፣ ስልኩ ስማርት ባይሆንም ይሠራል። እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። በማግስቱ ልጁ ግድግዳው ላይ «የዚህን ዘፈን ገንዘብ ባለቤቱ ያገኛል» ብሎ በእጁ ጽፎ ለጠፈ። እኔ ደግሞ አንቀጽ 9ን በኮፒ ቤት አሳትሜ ጎኑ ለጠፍኩለት። የአዋጅ ጽሑፍ በራሱ የቅጂ መብት ጥበቃ የለውም፣ ማንም ሊያባዛው ይችላል፤ አዋጁ ውስጥ ራሱ ተጽፏል።

ሰው ይከፍላል ወይ ብዬ ሰግቼ ነበር። ያው ዘፈን ከጎረቤት ስልክ በብሉቱዝ በነጻ ይገኛላ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ሲውል ሱቁ ሄጄ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ወረቀቱን የልጅ ልጃቸው አነበበላቸው፣ አሥር ብሯን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡና «እሱ ነው የሚያገኘው አይደል?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ልጁ ደብተሩን አዙሮ አሳያቸው። ማንበብ ባይችሉም ሰረዙን በጣታቸው ቆጠሩት። የእሳቸው 41ኛው ነበር።